ይድረስ ለማን? ከፖስታ ሣጥን እስከ ኢሜይል

በአማራ ክልል፣ ቡሬ ከተማ፣ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ኢሜይል ክፈትልኝ» የሚል ወጣት አድራሻውን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ለአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለትምህርት ምዝገባ። ባለ ኮምፒውተሩ ስሙን በላቲን ፊደል መትቶ፣ የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል። የሚመዘገብበት ድረ ገጽም አድራሻውን መርምሮ ያሳልፈዋል። ወረቀቷ ከጠፋች ግን የሚላክለትን የጥሪ መልእክት የሚያነበው የለም።

መልእክት ለባለቤቱ የመድረሱ ጉዳይ ከኢንተርኔት በፊትም ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ አገሪቱም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የእኛ አገር ደብዳቤ ግን በአብዛኛው ደጃፍ ድረስ ሳይሆን ፖስታ ሣጥን ድረስ ነው የሚሄደው። ሣጥን የሌለው የገጠር ሰው በትምህርት ቤት ወይም በነጋዴ ሣጥን፣ «በእገሌ በኩል» እያስባለ፣ ገበያ ሲወጣ ይቀበል ነበር። መድረሱ የሚታወቀው መልስ ሲመጣ ነበር። ይህን ልማድ አከብረዋለሁ፤ የሚጠይቀው ስለ አድራሻው መልክ ሳይሆን ስለ ተቀባዩ ነው።

በኢሜይል አድራሻ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪው ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የሰውን ስም ከማሽኑ ስም በ«አት» (@) ምልክት ለየ። በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ ከምልክቱ በፊት የመደመር ምልክትን ሳይቀር ይፈቅዳል። ብዙ የሶፍትዌር ሠሪዎች ግን ደንቡን ትተው የለመዱትን ቅርጽ ጻፉ። ቅጾቻቸው ትክክለኛውን አድራሻ «ስህተት» ብለው ይመልሳሉ፤ ባለቤት የሌለውን ይቀበላሉ። ቡሬ ራሷ በላቲን አንዴ በአራት፣ አንዴ በአምስት ፊደል ትጻፋለች። በአንዷ ፊደል መልእክቱ ሌላ ሰው ዘንድ ሲሄድ የቅርጽ ምርመራ ምንም አያይም።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ ደንቦች አድራሻን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ፈቀዱ። ከ«አት» ምልክት በፊት የሚፈቀደው 64 ባይት ነው፤ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ፊደል ይይዛል። «ፍኖተሰላም» የምትለው የከተማ ስም 18 ባይት ብቻ ናት! ላቲን ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ግን ይጥላታል። የራሳችንም ጣጣ አለ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው።

እንግዲህ መልእክት ልኮ መልስ ከመጠበቅ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ወቅት፣ ጊዜው በአንድ ሰዓት የሚያልፍ ማረጋገጫ የቡሬን ተመዝጋቢ ያስቀረው ነበር። የማረጋገጫው ጊዜ ቢያንስ ከአንዱ ገበያ ቀን እስከ ሌላው ይቆይ፤ ከኢሜይሉ ጎንም ስልክ ቁጥር ይመዝገብ።