ለልጅ የሚሰነቅ

በእኛ አገር የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ የሚጻፈው የዘማች ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት፤ የየጁዎቹ የራስ ጉግሣና የራስ ዓሊ መቀመጫ፣ ቀጥሎ የዐፄ ቴዎድሮስ፣ ኋላም የዐፄ ዮሐንስ መናገሻ። ማን ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደ ዘመተ በየመጽሐፉ አለ። ጦሩን ተከትላ፣ ልጅ አዝላ የወጣችው ሴት በስልቻዋ ምን ቋጥራ እንደ ነበር ግን የጠየቀ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ልጅ አሳድጌ ለልጅ ልጅ የበቃሁ የፋርጣ ሴት ስለሆንሁ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት መባቻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ነበር። ተራራ እያስቆፈሩ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል በጠረጉት መንገድ ተሻግረው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ገደማ! መድፉን የሠሩት የጋፋት ፈረንጆችም ቤተሰባቸውን ይዘው አብረው ተጉዘዋል፤ ከእነሱ አንዱ ዋልድማየር ያገባት የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ልጅ በእናቷ የእኛው አገር ሰው ነበረች። የወታደሩን ሚስትና ልጅማ ማን ቆጥሮት። በጌምድር ደግሞ ያን ጊዜ በንጉሡ በራሳቸው ጦር ተዘርፎ ያለቀ አገር ነው፤ ገበሬው ያለችውን እህል ደብቆ ሸሽቷል። በመንገድ ገዝቶ ልጅ ማብላት የማይታሰብ ነበር።

የስድስት ወር ስንቅ ማንም አይሸከምም። የሚሸከሙት ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ግን በጉና ተራራ ሥር ለተወለደ ሰው አይጠፋውም፤ ገብስ ነው። እንጀራ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ይሻግታል፣ ካልሻገተ ድርቆሽ ሆኖ ነው። በሶ ግን ቤቱ የበሰለ ነው፤ መንገድ ላይ እሳት አይልም፣ ማገዶ አይልም፣ ጭስ አሳይቶ ለሽፍታ አይጠቁምም። ልፋቱ አስቀድሞ ያለቀ ነው። ገብሱ ተለቅሞ፣ ውኃ ነካ ተደርጎ ይታመሳል፤ ትኩሱን በሙቀጫ ተሸክሽኮ በሰፌድ ገለባው ይወጣል፤ ደግሞ ይታመሳል። ሁለተኛው ላይ ነው ሙያ የሚለየው። ቶሎ ከወረደ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ከቆየ ይመራል፣ ልጅም ይተፋዋል። ከዚያ ይፈጫል፣ ይነፋል። ሕፃኑ ሲያለቅስ እፍኝ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ ጠብታ ውኃ፤ አሸት አሸት አድርጎ ጭብጦ ማስጨበጥ ብቻ ነው የቀረው።

ይህን የምናገረው ከአያቴ ሰምቼ ነው። እቴቴ ነበር የምንላት። እናቴን ገና ትንሽ ሳለች ለገና ላሊበላ በእግር ወስዳታለች፤ በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በንፋስ መውጫ አድርገው፣ ጨጨሆን አልፈው። የገና መንገደኛ የሚጓዘው በጾመ ነቢያት ነው፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን አይጾምም። ስለዚህ ስንቁ ሁለት ነበር። የአዋቂው ደረቅ በሶ፣ ቆሎና ተልባ በአቁማዳ፤ የልጅቱ በንጥር ቅቤ የታሸ በሶ ለብቻው በትንሽ አገልግል። አገልግሉን የሚነካው አንድ ሰው ነው፣ እጅ ታጥቦ። እቴቴ ለልጇ እያጎረሰች ጣቷን ሳትልስ ላሊበላ መድረሷን እስክታረጅ ስታወራው ኖራለች፤ ከቤተ ጊዮርጊስ ይልቅ ይህ ነበር የሚያኮራት።

ሌላውም ጓዝ በልጅ ልክ ነበር የሚታሰበው። አንቀልባ በቅቤ ለስልሶ፤ ለብርድ ባና፣ ክረምት ከሆነ ለዝናብ ገሳ። ለሆድ ቁርጠት ፌጦ፣ ለቡዳ ጤና አዳም። ጤና አዳሙ ይከላከል አይከላከል እንጃ፣ ሽታው ግን ልጅን ያረጋጋል። በድሮው ዘመን አሞሌ ጨው ገንዘብም ስለነበር ከዝናብ ደብቀው ይይዙት ነበር፤ ከቀለጠ ገንዘቡ ሄደ። ማደሪያ አይሰነቅም። ሲመሽ ደጅ ቆሞ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች» ማለት ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይባላል። ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ ምድጃው አጠገብ ነው የሚተኛው።

በደርግ ዘመን ቻይናዎች የወረታ–ወልዲያን መንገድ ሲሠሩ ይህ ሁሉ ባንድ ትውልድ ተለወጠ። ከደብረ ታቦር ወረታ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳር መቶ ገደማ። ጠዋት ወጥቶ ምሳ ለሚደርስ ሰው አቁማዳ ምን ያደርግለታል? የልጅ ስንቅ ሃይላንድ ውኃ፣ ሙዝና ፌስታል ሆነ። ፌስታሉ ለምግቡ አይደለም፤ ከደብረ ታቦር ወደ ፎገራ ሲወረድ ጥምዝምዙ ሕፃናቱን ስለሚያስመልሳቸው ነው። ለዚያ ደግሞ ሎሚ በጥፍር ቧጥጦ ማሽተት ከኪኒን ይሻላል። ለቡሄ ከባሕር ዳር የሚመጡት የልጅ ልጆቼ ሲመለሱ ሙልሙሉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ እንጂ ሌላ የሚጭኑት የለም፤ የለም ነበር ልበል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ግጭት የተነሣ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ሰው ባልታሰበ ከተማ ማደር ስለለመደ የእናቶች ቦርሳ እንደገና አብጧል፤ ዳቦ፣ የሌሊት ጋቢ፣ ትርፍ የልጅ ልብስ፣ የትኩሳት ሽሮፕ። ምራቴ ከዚህ በላይ ብስኩት ይበቃል ባይ ናት። ብስኩት የበላ ልጅ ግን ይጠማዋል፣ ውኃ ሲጠጣ ሽንቱ ይመጣል፣ ሾፌሩ ደግሞ መሀል ሜዳ ላይ መቆም አይወድም። ስለዚህ እሷ ብስኩቷን ትይዛለች፣ እኔ በስተጎን በሶ በላስቲክ ቋጥሬ እከታለሁ። ባለፈው ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ ሐሙሲት ላይ መንገድ ተዘግቶ ሲያድሩ ብስኩቱ ገና ሳይመሽ አልቆ ነበር አሉ።