ላዳና ፊያት የተለያዩት ፍሬኑ ላይ ነው

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ከእንጦጦ ስወርድ የፍሬኑ ፔዳል እግሬ ሥር ሰመጠ። አንዴ ረገጥኩ፣ የለም። ደግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘና ተመልሶ ሰመጠ። ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ሆና ትዘፍናለች። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረድኩ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩና መንገድ ዳር የተከመረ አፈር ላይ አስደግፌ አቆምኳት። ልጄ «ደረስን እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምን ልበላት?

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት፣ የ1971 ሥሪት (በፈረንጆቹ)። አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ንብረት እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ «ወይ ፍሬኗን አሠራ፣ ወይ ሽጣት፤ ልጄን ግን ከእንግዲህ አትጭንባትም» አለች። ልክ ናት። ክርክር የለኝም።

በማግስቱ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የፊያት 124 የፍሬን ፓድ ስል ግማሹ ሳቀብኝ፣ ግማሹ «የምን?» አለኝ። አንዱ ነጋዴ ግን «ወንድሜ፣ አትልፋ። የላዳ ውሰድ፣ አንድ ናቸው» ብሎ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደልኝ። ዋጋውም ርካሽ ነው። ደስ ብሎኝ ተሸክሜ መጣሁ።

አልገባም። ብረቱ ቅርጹ ሌላ፣ መጠኑ ሌላ። የኋላውንማ ተዉት፤ ላዳ ኋላዋ ላይ መጀመሪያውኑ ፓድ የሚባል ነገር የላትም!

እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ አንድ ነገር «ለምን?» ካልኩ እንቅልፍ የለኝም። የመኪናዋ ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ታሪኩን ስሙ።

*

ከቃሉ እንጀምር። «ፍሬን» የምንለው ጣሊያንኛ ነው፣ ፍሬኖ ከሚለው። ጎማም፣ መኪናም፣ ፍሪሲዮንም፣ ካንዴላም፣ ኩሽኔታም፣ ፍሬቻም፣ ቶርኖም እንደዚሁ። ጣሊያን በጦር መጥቶ በጦር ሲወጣ ጋራዥ ውስጥ ቋንቋውን ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላም እነ ኤንትሬ የጫኑትን ጭነት ታላላቆቻችን ያውቁታል። ስለዚህ ፊያት ለእኛ የማናውቀው እንግዳ አይደለም። ዛሬም አንድ መካኒክ «ፍሬኑ ጎሚኒው ሄዷል» ሲል ከሦስቱ ቃል ሁለቱ ከጣሊያን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። በድሮ መኪና የነበረው ታምቡር ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ አለ፤ ውስጡ ሁለት ሸራ የለበሱ ብረቶች አሉ፤ ስትረግጥ ተከፍተው ከበሮውን ከውስጥ ይጫኑታል። ጥሩ ፍሬን ነው፤ አንድ ጠላት ግን አለው፣ እሱም ሙቀት። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ሙቀቱም ቶሎ መውጫ አያገኝም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግመህ ስትረግጥ መያዙን እየተወው ይሄዳል።

መፍትሔው ዲስክ ነበር። ክፍት የሆነ የብረት ሳህን ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ካሊፐር የሚባለው እንደ ጉጠት ከሁለት በኩል ይቆነጥጠዋል። ንፋስ እየመታው ይቀዘቅዛል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1902 ፓተንት አውጥቶበታል። ግን የዘመኑ ማቴሪያልና የዘመኑ አቧራማ መንገድ አልፈቀደለትም። ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቀ።

ዓለም ያየው በ1953 ነው፣ ፈረንሳይ ሌ ማን ላይ፣ በ24 ሰዓቱ ውድድር። እዚያ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሹል መታጠፊያ። ሌሎቹ ታምቡራቸው እንዳይግል ከሩቅ መርገጥ ሲጀምሩ፣ የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን የገጠሙት ጃጓሮች ግን እስከ ታጠፋው ድረስ ይበሩ ነበር። ሮልትና ሃሚልተን የነዱት ጃጓር አሸነፈ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ ለማሸነፍ የረዳው ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ማቆም መቻሉም ነው። በደንብ መቆም የሚችል ነው በደንብ የሚሮጠው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ተራው ሰው ወረደ። ሲትሮኤን ዲኤስ በ1955፣ ትራያምፍ ቲአር3 በ1956 ከፊት ዲስክ ይዘው መጡ። በ1966 ደግሞ ፊያት አንድ ደፋር ነገር አደረገ። 124 የሚባል፣ ክብደቱ አንድ ቶን የማይሞላ የቤተሰብ መኪና አወጣና በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ገጠመለት። በዚያ ዘመን ለዚያ ዓይነት ተራ መኪና ይሄ ቅንጦት ነበር። በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ።

ፊያት እዚያ ላይ አላቆመም። ከዚሁ ከሴዳኑ ሁለት ስፖርት መኪና አወጣ፦ ፒኒንፋሪና ያሳመረውን ክፍቱን ስፓይደር በ1966 መጨረሻ፣ ኩፔውን በ1967። ሞተሩን ያዘጋጀው ቀደም ሲል ፌራሪ ቤት የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ፍሬኑ ግን መሠረቱ የዚያው የሴዳኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

*

በዚያው በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ትልቅ ውል ተፈራረመ። ሶቪየቶቹ ሕዝባቸው የሚገዛው መኪና ፈለጉ፤ ፊያት ደግሞ 124ን ከነፋብሪካ አሠራሩ ሊሰጣቸው ተስማማ። ፋብሪካው ቮልጋ ወንዝ ዳር ተተከለ። የከተማዋ ስም ቶሊያቲ ነው፤ በ1964 በሞተው የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም የተሰየመች። የካፒታሊስት መኪና በኮሚኒስት ስም በተጠራች ከተማ! ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል።

መኪናዋን ግን እንዳለች አልወሰዷትም። ናሙናዎቹን አምጥተው በሩሲያ መንገድ ላይ አሰቃዩአቸው። ቆርቆሮው ተሰነጠቀ፣ ሆዷ መሬት ላከ፣ የኋላው የዲስክ ፍሬን ደግሞ ጭቃና አሸዋ እየገባበት ፓዱ ቶሎ ቶሎ አለቀ። ለጣሊያን አስፋልት በረከት የሆነው ክፍትነት ለሩሲያ ጭቃ መርገም ሆነ። ስለዚህ የኋላውን ዲስክ አውጥተው ታምቡር ገጠሙ። ለፊተኛውም የራሳቸውን ካሊፐር ሠሩለት፤ የፊያቱ በአንድ ፒስተን የሚንሸራተት ነው፣ የእነሱ ግን ከሁለት በኩል ፊት ለፊት የሚገፉ ሁለት ሲሊንደሮች አሉት። ሞተሩን ቀየሩ፣ ቆርቆሮውን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። ማሻሻያው በጠቅላላ ከ800 በላይ ነው ይባላል። በኤፕሪል 1970 የመጀመሪያዎቹ ከፋብሪካው ወጡ። ውጭ አገር ስትሸጥ ስሟ ላዳ ሆነ።

የዚች ላዳ ዘሮች እስከ 2012 ድረስ ሲመረቱ ቆዩ። በደርግ ጊዜ ወደኛ መጡ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል አደረሱ። የእኛን ኮብልስቶንና ጉድጓድ የቻሉት ቮልጋ ዳር ለጭቃ ስለተዘጋጁ ነው።

እንግዲህ የሶማሌ ተራው ነጋዴ አልዋሸኝም። ዓይን የሚያየውን ነው የነገረኝ፤ በሩ፣ መስታወቱ፣ ቁመናው አንድ ነው። የተለያዩት ዓይን በማያየው ቦታ፣ ጎማ ሥር ነው።

*

ወደ መኪናዬ ልመለስ። በሰው በሰው አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አገኘሁ። ጎማውን ሳያወልቁ ካርቶኑን አዩና ሳቁ።

«ጋሼ፣ ላዳና ፊያት አንድ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ወንድማማች ናቸው ልጄ። አንዱ ግን ሩሲያ ሄዶ አደገ። የወንድምህ ጫማ ይሆንሃል?»

ከዚያ ጎማውን አወለቁ። ችግሩ እኔ ከገመትኩት ሌላ ሆኖ ተገኘ። የፊቱ ፓድ ገና ብዙ ይሄዳል። የቀኝ የኋላው ካሊፐር ግን ተጣብቋል። የዚህ መኪና የኋላ ፒስተን ወደ ውስጥ የሚመለሰው እየዞረ ነው፣ እንደ ብሎን፣ የእጅ ፍሬኑም በእሱው በኩል ስለሚሠራ። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህን ያላወቀ ልጅ በሞርሳ ገፍቶት ኖሮ የአቧራ መከላከያውን ጎማ ቀዶታል። በቀዳዳው ውኃ ገባ፣ ፒስተኑ ዛገ፣ ፓዱ ዲስኩን አልለቅም አለ። እየሻከረ ሲሄድ ጋለ። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ተሻገረ።

«ዘይቱን መቼ ነው የቀየርከው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። አባቴ ካለፈ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ይቺን ነገር ሁላችሁም ያዙልኝ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መለኪያው ራሱ ወደ 155 ያወርደዋል፤ ከዚያም በላይ ከቆየ የባሰ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስትረግጥ ፔዳሉ የሚጫነው እንፋሎቱን ነው፣ ፍሬኑን አይደለም። የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ለማፍላት ያግዛል። የእጅ ፍሬኔ ያተረፈኝ በገመድ ስለሚሠራ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ሙሉ ካሊፐር አልነበረም፤ ጎሚኒ፣ የኋላ ፓድ፣ የጎማ ቱቦዎችና ዘይት ነው። ጋሼ ፒስተኑን በካሊበር ለኩ፣ ፎቶ አነሳን፣ ሚላኖ ለምትኖር የአክስቴ ልጅ ላክን። እዚህ ጋ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ የሚመጣው። «ስፖርት ኩፔ» ብላ ብትጠይቅ ዋጋው ሌላ ነበር። የተራውን 124 ሴዳን ጠየቀች፣ ልኬቱን አመሳከረች፣ ገጠመ። ያቺ መኪና በጣሊያን በብዛት ተሠርታለች፤ ስፔን ውስጥም ሴአት በራሱ ስም አምርቷታል። የድሮ መኪና ወዳጆችም ስላሉ ጎሚኒው ዛሬም ይሠራል። ሁሉም አንድ ላይ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ በታች ወጣ፤ በዘመድ ሻንጣ ገባ።

ይሄ ጥበብ የእኔ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ፖርሽ 356 ብዙ ዕቃቸው ከቮልስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዳትሰን 240ዜድ ያላቸው ሰዎች ከቶዮታ ፒክአፕ የወለቀ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር ሲገጥሙ ኖረዋል። ስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ የተራ መኪና ልጅ ነው። ዕቃ በርካሽ የፈለገ ሰው የልጁን ስም ትቶ የእናቱን ስም ይጠይቅ። ግን በስም ብቻ አይመን፤ ይለካ። እኔ በስም አምኜ ነው የላዳ ካርቶን ቤቴ የቀረው።

ጋሼ የነገሩኝን ሁለት ነገር ልጨምርና ልጨርስ። አንደኛ፣ በድሮው ፓድ ብረት ላይ አዲስ ሸራ አስለጥፎ መጠቀም ርካሽ ይመስላል፤ ዲስክ ላይ ያለው ሙቀት ግን ማጣበቂያውን ከፈታው ሸራው መንገድ ላይ ይቀራል። በሌላ ነገር ቆጥብ፣ በዚህ አትቆጥብ። ሁለተኛ፣ የድሮ ሸራና ፓድ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ፣ በውኃ አርጥባችሁ ጥረጉ። ጋሼ ይህን ሲሉኝ ያስሉ ነበር። ስንት ዓመት እንደነፉ አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴን ከጎኔ፣ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ከእንጦጦ ወረድኩ። ማርሽ ሁለት፣ ቀስ እያልኩ። ፔዳሉ ላይኛው ላይ ያዘ። ባለቤቴ እስከ ታች ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ታች ስንደርስ «ደህና ናት» አለች። ለእኔ በቂ ነው።

እናንተስ፣ የፍሬን ዘይታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የቀየራችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ካላስታወሳችሁ ግን መጻፉን ተዉትና ነገ ጠዋት ጋራዥ ሂዱ።

(የላዳው የፊት ፓድ አሁንም ቤቴ አለ። ላዳ ያላችሁ ብቅ በሉና ውሰዱት፣ በነፃ ነው።)