ስለ ሥጋ ፈቃድና ስለ መንፈስ ፈቃድ፤ በጋምቤላ ከሆነው ነገር ጋራ የተያያዘ ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ የሥጋን ሥራ ይዘረዝራል። ሥጋ ያለው ምንድን ነው ቢሉ፤ ብዙ ሰው ሆድና መኝታ ይመስለዋል። ነገር ግን ዝርዝሩን አንድ አንድ እያለ የቈጠረ አንባቢ፥ ከእኵሌታው የሚበልጠው ስለ ዝሙትና ስለ ስካር ሳይሆን ስለ ጥል፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ቍጣ፣ ስለ አድመኝነትና ስለ መለያየት እንደ ሆነ ያያል። ሐዋርያው ወደ ዝርዝሩ ሳይገባ አስቀድሞ ምእመናን እርስ በርሳቸው እንዳይነካከሱ ማስጠንቀቁም በከንቱ አይደለም። እንግዲህ ሥጋ ማለት ገላ ብቻ አይደለም፤ አንድም ወገኔ፣ ደሜ፣ ዘሬ እያለ የሌላውን ደም የሚንቅ ልብ ነው። ይህን አፈታት የሚያስረዳ ነገር በአገራችን ምዕራባዊ ዳርቻ ሆኗልና እንጽፈዋለን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፥ በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፥ በጠቅላላውም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ፈቀዱ። ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውልም ውሉ ከለከለ። ጣቢያው ኋላ በጋምቤላ ቆመ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና አቡጀዲ አራግፎ ቡና ይጭን ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ አገር አኙዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንገር፣ ኦፖና ኮሞ ይኖራሉ፤ ከደጋ የወረደውም ነጋዴ፣ ወታደርና ሰፋሪ ደገኛ ይባላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከሕዝቡ ከመቶ 70 የሚሆነው ፕሮቴስታንት፥ ወደ 17 የሚጠጋው ኦርቶዶክስ ነበረ። የክርስቶስን ስም የማይጠራ በዚያ ጥቂት ነው ማለት ነው።

በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ 3 ቀን በመኪና ይሄዱ የነበሩ 8 ሰዎች በመንገድ ተገደሉ፤ ሬሳቸውም ወደ ከተማ ገባ። ገዳዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ሳይታወቅ ነገሩ በአኙዋክ ላይ ተላከከ። ከደገኛው ወገን ገጀራና ድንጋይ የያዘ ሕዝብ ተነሥቶ አኙዋክን በየቤቱ እየፈለገ ገደለ፤ ቤታቸውንም አቃጠለ። ወታደሮች እንደ ተካፈሉበት የሰብአዊ መብት መርማሪዎች ጽፈዋል። መንግሥት ያቆመው አጣሪ የሟቾቹን ቍጥር 65 አለ፤ አኙዋኮች ግን ከ400 በላይ ናቸው ብለው በስም ዘረዘሩ።

ቀኑን ልብ ይሏል። ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያም ናት፤ እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት በዓል። ወራቱም ኅዳር 15 ቀን የተያዘው ጾመ ነቢያት ነበረ። ገጀራ ካነሡት መካከል ከሥጋና ከወተት የተከለከለ ጿሚ አልነበረም ብሎ የሚምል ማን ነው? ሰውዬው የላሙን ሥጋ እንዳይበላ ራሱን ሲጠብቅ የጎረቤቱን ሥጋ ቈረጠ። ጾሙ አልተሻረም ይባል ይሆን? እኛ ካህናት በንስሐ ጊዜ ስለ መብልና ስለ መኝታ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ስለ ወገን ቂም የምንጠይቀው ግን ስንት ጊዜ ነው?

በኑዌር ዘንድ የቀድሞው ልማድ እንዲህ ነበረ። ሰው የገደለ ሰው የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው አስታራቂ ቤት ይሸሻል፤ አስታራቂውም የገዳዩን ክንድ በጦር በጥቶ ደም እስኪያወጣለት ድረስ ገዳዩ ምግብም ውሃም አይቀምስም። በዚያ ቤት ሳለ ደመኛው አይነካውም፤ ኋላ ካሳው በከብት ተቈጥሮ ይታረቃሉ። ኦሪት ዘኍልቍ በ35ኛው ምዕራፍ የመማፀኛ ከተሞችን ሥርዓት እንደ ተናገረ ያለ ነገር ነው። በኑዌር ዘንድ ጾሙ ደሙን ተከተለ፤ በከተማው ግን ደሙ በጾሙ መካከል ፈሰሰ።

ይህም የደገኛው ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር በዚያው ከተማ አኙዋክና ኑዌር ተጋደሉ፤ ከሁለቱም ወገን እሑድ እሑድ የሚዘምሩ ብዙዎች ናቸው።

በ1996ቱ ጊዜ ከሞት ያመለጡት አኙዋኮች በብዙ ሺህ እየሆኑ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በፖቻላ ሰፈሩ። ጾሙ ተፈትቶ የልደት በዓል ሲከበር እነርሱ በዚያ ነበሩ።