ርቀትን የጣለው ካርታ

ለንደን ውስጥ ሌስተር ስኩዌር ከሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እስከ ኮቨንት ጋርደን ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ ነው። በእግራችሁ ብትሄዱ አምስት ደቂቃ እንኳን ላይፈጅባችሁ ይችላል። ከተማውን የማያውቅ እንግዳ ግን ሒሳብ ከፍሎ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ ተጉዞ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። የያዘው ካርታ ሁለቱን ጣቢያዎች እንደማንኛውም ጎረቤት ጣቢያ አራርቆ ስለሚያሳየው ነው። በዚያው ካርታ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቼሻም የምትባል ጣቢያ አለች። ከቀጣዩዋ ጣቢያ የሚለያት ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ካርታው ላይ ግን ይሄ ሁሉ መንገድ አጭር መስመር ሆኖ ቀርቷል።

ታዲያ ካርታው ዋሸ ማለት ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1931 እንመለስ። ካርታውን የሠራው ሃሪ ቤክ ካርታ ሠሪ አልነበረም። በባቡር ድርጅቱ የሲግናል ክፍል ውስጥ ቴክኒካዊ ንድፎችን የሚሥል ሠራተኛ ነበር፤ ካርታውንም የሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ካርታዎች መስመሮቹን መሬት ላይ ባሉበት ቅርጽ ነበር የሚያሳዩት። ውጤቱን ገምቱት፦ መሀል ከተማ ላይ ጣቢያዎቹ ተፋፍገው ስማቸውን ማንበብ ያስቸግራል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ መስመሮቹ ከወረቀቱ ያልፋሉ።

ቤክ የተነሣው ከተሳፋሪው ጥያቄ ነው። ከመሬት በታች ያለ ሰው መንገድ አያይም፣ ኮረብታ አያይም፣ ባቡሩ ወዴት እንደታጠፈም አያውቅም። ማወቅ የሚፈልገው የትኛውን መስመር እንደሚይዝ፣ የት እንደሚቀይር፣ የት እንደሚወርድ ነው። በቃ። ስለዚህ ቤክ ርቀትን ጣለው። መስመሮቹን ሁሉ አግድም፣ ቀጥ ያለ ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበለ አደረጋቸው፤ መሀሉን አሰፋ፣ ዳሩን ሰበሰበ። ከመሬት በላይ ካለው ዓለም ያስቀረው የቴምዝን ወንዝ ብቻ ነው።

አለቆቹ ንድፉን ከተለመደው በጣም የራቀ ነው ብለው መለሱበት። እሱ ግን ደግሞ አቀረበው። በመጀመሪያ በጥቂት ቅጂ ተሞከረ፣ ከዚያም በጥር 1933 በብዙ መቶ ሺህ ቅጂ ታትሞ ወጣ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ሽፋኑ ነው፦ ይህ ለአሮጌ ካርታ የተሠራ አዲስ ንድፍ ነውና አስተያየታችሁን ላኩልን የሚል መልእክት ነበረበት። ተጠቃሚውን መጠየቅ ዛሬ የተጀመረ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይቺን ሽፋን ቢያዩ ጥሩ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ወደደው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ ስም የወጣለት ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1976 አሜሪካዊው አርክቴክት ሪቻርድ ሶል ወርማን ፊላደልፊያ ላይ የአርክቴክቶችን ጉባኤ ሲመራ «የመረጃ አርክቴክቸር» የሚለውን መሪ ርዕስ አደረገው። የመረጃ አርክቴክት ከቀለምና ከውበት በፊት የሚጠይቀው ቤክ የጠየቀውን ነው፦ ሰውየው የመጣው ምን ፈልጎ ነው? ምን ከምን ጎን ይቀመጥ? ምንስ ይቅር? ጥያቄው ሲዘለል ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እኔ አንዴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አንዲት ፎርም ስፈልግ ግማሽ ቀን ሄዶብኛል። ገጹ የተደረደረው በዳይሬክቶሬት ነበራ! ፎርሟ የየትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሆነች ባውቅማ መች እፈልጋት ነበር?

ቢሆንም የተጣለው ነገር ዋጋ ያስከፍላል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዣን ጉዎ በ2011 ባሳተመው ጥናት የለንደን ተሳፋሪዎች መንገዳቸውን ሲመርጡ በጉዞው ላይ ከሚያጠፉት ትክክለኛ ጊዜ ይልቅ የካርታው ቅርጽ እንደሚያይልባቸው አሳይቷል። ካርታው ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ በተግባር ረጅም ቢሆንም እንኳ ይመርጡታል ማለት ነው። እንግዲህ ያቺ ቀጭን መስመር በየቀኑ የብዙ ሰው ደቂቃ ትወስዳለች።

ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ እምቢ አለ። በ1972 ማሲሞ ቪኞሊ ተመሳሳይ ንድፍ ሲያወጣ ቁመቱ የስፋቱ አምስት እጥፍ የሚሆነው ሴንትራል ፓርክ ስኩዌር የሚመስል ግራጫ ሣጥን ሆነ፣ የውኃውም ሰማያዊነት ቀረ። በ1979 መልክዓ ምድሩን በሚያሳይ ካርታ ተተካ። በእኔ ግምት ልዩነቱ ከመሬት በላይ ነው። የማንሃተን ጎዳናዎች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉና በቁጥር የሚጠሩ ናቸው፤ ተሳፋሪው የከተማውን ቅርጽ በጭንቅላቱ ይዞት ስለሚሄድ ካርታው ሲሳሳት ወዲያው ያየዋል። የተጠማዘዙትን የለንደን መንገዶች ግን እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ብዙ ሰው የለም። የሚገርመው በ2025 ኒው ዮርክም ተመልሳ የቪኞሊን መንገድ የሚከተል ካርታ አውጥታለች።

ቤክ ራሱ መጨረሻው አላማረም። ካርታውን ለብዙ ዓመታት ሲያሻሽል ቆይቶ በ1960 በሌላ ሰው የተሠራ ካርታ ወጣ፣ የሱም ስም ከላዩ ተነሣ። ተቃውሞውን በደብዳቤ ቢያቀርብም አልተሳካለትም፤ በ1974 አረፈ። አሁን ግን ካርታው ላይ የመነሻው ሐሳብ የሱ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይታተማል።

በመስከረም 2009 ደግሞ ካርታውን ለማቅለል ተብሎ ቴምዝ ወጣ። ወንዙ ባቡር ለመቀየር ምንም አይረዳም፤ በቤክ ሎጂክ ከሄድን መጀመሪያ መጣል የነበረበት እሱ ነው። ተሳፋሪዎቹ ግን ተቆጡ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ከንቲባውም ጣልቃ ገቡ። ዓመቱ ሳያልቅ ወንዙ ወደ ቦታው ተመለሰ።