ከተራራችን ማዶ፦ ተከዜና የጎማ ጀልባዎች

የመርሳና የሐብሩ ውኃ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከተራራው ማዶ፣ ከላስታ የሚነሳው ተከዜ ግን ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ፣ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ተገናኝቶ ናይል ይገባል። ወልዲያ የተማርን ሁሉ የኖርነው እንግዲህ በሁለት ውኃ መለያያ ሥር ነው።

በጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝ መውረድ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1968 በዓባይ፣ በ1973 ደግሞ በኦሞ ታየ። ኦሞን የቀዘፈው አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ በ1996 ወደ ተከዜ መጣ፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ አወጣው። ያኔ ወንዙ ግድብ አያውቅም ነበር። በ2009 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ አለቀ፤ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አገኘን፤ የሸለቆው ከፊልም ከሐይቅ ሥር ገባ። መብራቱ ያስፈልገን ነበር፣ ይሁን። ግን ሸለቆው ሳይሸፈን ከጀልባ ላይ አይቶ የጻፈልን እንግዳ ሰው መሆኑ ይቆጫል።

ላይኛው ተከዜ ዛሬም አለ። ለግንኙነቱ የመጣችሁ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩና በድልብ ዳገት ወደ ጋሸና ውጡ፤ ከዚያ ወደ ላሊበላ ስትሄዱ ወንዙን ስታቋርጡ ቆም በሉ። መምህራኖቻችንም ተማሪ ወደዚያ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ስለ ወንዙ የሚያውቁትን ይጻፍ።