የረቂቅ ዋጋ፦ ከፍራንክፈርት ሰዋስው እስከ «ብርሃንና ሰላም»

የማኅበረሰብ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለማቋቋም ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሣው የኅትመት ወጪ ነው። ዛሬ ግን ጽሑፍን ለአንባቢ የማድረሱ ዋጋ እጅግ ወርዷል። ያልወረደው ሌላ ወጪ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው ከጀማሪው ጎን ተቀምጦ ረቂቅ የሚያነብበት፣ የሚያርምበትና የሚከራከርበት ጊዜ። ይህ ወጪ በበጀት ሰነድ ላይ እምብዛም አይታይም። የአማርኛ የኅትመት ታሪክ ግን ያለ እርሱ አይተረክም፤ አንዱ ምዕራፉም የተጻፈው በፍራንክፈርት ነው።

በ1649 እ.ኤ.አ. በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረው የኤርፉርት ተወላጅ ኢዮብ ሉዶልፍ ሮም ውስጥ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት የቀሰመ ወጣት ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ደግሞ በአምሐራ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ ሊቅ ነበሩ። ጀማሪው ጀርመናዊው፣ መምህሩ ኢትዮጵያዊው ነበሩ ማለት ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዘ፤ ትምህርቱም በዚያ ቀጠለ። ለቋንቋው ጥናት ወጪውን የቻለው መስፍኑ ሲሆን፣ ዕውቀቱን ያዋጡት ግን እንግዳው ነበሩ።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ አደጋ ባሕር ላይ አረፉ። ሉዶልፍ በ1678 ኑሮውን በፍራንክፈርት መሠረተ፤ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪኩን፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውንና መዝገበ ቃላትን በዚያው አሳተመ። ከሮሙ ትውውቅ እስከ ሰዋስው ኅትመት 49 ዓመታት አልፈዋል። ሉዶልፍ የመምህሩን ውለታ አልሸሸገም፤ በሥራዎቹ ውስጥ ስማቸውን በክብር አንሥቷል። ይሁን እንጂ ማብራሪያው በላቲን ስለነበረ፣ መጽሐፉ የተዘጋጀው ለአውሮፓ ሊቃውንት ነበር። የአማርኛ ተናጋሪው የዕውቀት ምንጭ እንጂ አንባቢ አልነበረም።

ይህ ሚዛን የተለወጠው ኢትዮጵያውያን በገዛ ማተሚያቸው ለገዛ አንባቢያቸው መጻፍ ሲጀምሩ ነው። በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ ድጋፍ በአዲስ አበባ መታተም የጀመረው ሳምንታዊው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። ቅጂዎቹ ከ500 ያህል አይበልጡም ነበር፤ ተጽዕኖው ግን በቅጂ ቁጥር አይለካም። በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችና በአገር ቤት ትምህርት የበሰሉ ጸሐፍት በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ንግድና ስለ አስተዳደር በዝርውም በግጥምም ተከራከሩ። ጸሐፊው አንባቢ፣ አንባቢውም በተራው ጸሐፊ ሆነ።

ሆኖም ይህም መድረክ የራሱ ድካም ነበረው። ጋዜጣው የቆመው በአንድ ደጋፊ ጥላ ሥር ስለነበረ የክርክሩን ወሰን የሚያሰፋውም የሚያጠብበውም የደጋፊው ፈቃድ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ መድረኩ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ወደቀ። የጎታው መስፍን ቸርነትም ሆነ የአልጋ ወራሹ ድጋፍ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የባለጸጋ እጅ ሥራን ያስጀምራል፣ ቀጣይነትን ግን ዋስትና አይሰጥም።

በውጭ አገር ያለ የማኅበረሰብ መጽሔት ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚወርሰው ስንቅ አለው። አንደኛ፣ የአርታኢው ጊዜ እንደ በጎ ፈቃድ ትርፍ ሳይሆን እንደ ዋና ወጪ ይቈጠር፤ ማኅበራት ከሚያዋጡት ገንዘብ ድርሻው አስቀድሞ ይለይለት። ሁለተኛ፣ ብዙዎች የሚያዋጡት ጥቂት መዋጮ ከአንድ ባለጸጋ ስጦታ ይመረጥ። ሦስተኛ፣ ለጀማሪ የተከፈተ በር በማስታወቂያ ብቻ አይረጋገጥም፤ ጽሑፉ ያልታተመለት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ሊያገኝ፣ የታተመለትም ያቀናለት ሰው ስም ከስሙ ጋር ሊሰፍር ይገባል። የአባ ጎርጎርዮስ ስም እስከ ዛሬ የዘለቀው ተማሪያቸው ስለጻፈው ነው። ስማቸውን የሚጽፍላቸው ያላገኙ መምህራን ስንት እንደነበሩ ግን የሚነግረን መዝገብ የለም።