ምድርን በአንድ ረድፍ ያሰለፈ ቍጥር

የካናዳ መንግሥት ለእርሻ፣ ለደን፣ ለዱር አራዊትና ለመናፈሻ የሚስማማውን መሬት ለይቶ ለመመዝገብ በተነሣ ጊዜ፣ ከ2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍኑት ካርታዎች በሰው እጅ ተለክተውና ተደምረው የማያልቁ ሆኑ። መላውን ያመጣው የካርታ ሊቅ ሮጀር ቶምሊንሰን፣ ቀደም ብሎ በኬንያ ለደን ተክል የሚሆን ቦታ እንዲመርጥ መሥሪያ ቤቱ ተጠይቆ፣ ካርታዎችን እየደራረቡ የመመርመሩ ወጪ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ሥራው ሲቀር አይቶ ነበርና፣ ይህን ድካም ለኮምፒዩተር የማሸከሙን አሳብ በልቡ ይዞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአውሮፕላን ከጎኑ የተቀመጠው መንገደኛ የዚሁ ምዝገባ ኀላፊ ሊ ፕራት ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለው አጋጣሚ በልብ ወለድ ቢጻፍ ደራሲውን ባስነቀፈው ነበር።

ካርታውን ወደ ኮምፒዩተሩ ማስገባት ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አልነበረም። በዚያ ዘመን መዝገቡ የሚቀመጥበት የማግኔት ቴፕ ከጫፉ ጀምሮ እየተተረተረ የሚነበብ በመሆኑ፣ በእኩል አራት ማዕዘን የተከፈለችው ምድር፣ አራሽ ትልም እንደሚያወጣ፣ በረድፍ በረድፍ ብትቈጠር፣ በሰሜንና በደቡብ የሚዋሰኑ ክፍሎች በቴፑ ላይ የአንድ ሙሉ ረድፍ ያህል ተራርቀው ይቀሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የሆነው ጋይ ሞርተን የእያንዳንዱን ክፍል የረድፍና የዐምድ ቍጥር በ0 እና በ1 ብቻ ጽፎ፣ አኃዞቹን አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያፈራረቀ አንድ ቍጥር አደረጋቸው። በዚህ ቍጥር ተራ ሲሰደሩ አራት ጎረቤት ክፍሎች ይከታተላሉ፤ ቀጥሎም በአራት በአራት የተሰበሰቡት ይከታተላሉ፤ እንዲሁ እያለ እስከ አገሩ ዳርቻ ይዘልቃል። እርግጥ ነው፣ በአንዳንድ ወሰን ላይ ጎረቤታሞች አሁንም ይለያያሉ፤ ነገር ግን ወርድና ቁመት ያላትን ምድር በአንድ መስመር ዘርግቶ ቅርበትን ሁሉ መጠበቅ ለማንም የሚቻል አይደለምና፣ በሞርተን ሊፈረድ አይገባም።

ከዚህ የማያንስ የሚመስለኝ፣ የወሰኖቹ መስመር በአንድ መዝገብ፣ የመሬቱ ጠባይ በሌላ መዝገብ ተለይቶ መጻፉና ሁለቱ በመለያ ቍጥር መያያዛቸው ነው፤ ስለ ለምነት ብቻ የሚጠይቅ ሰው መስመሩን ሁሉ ያስነብብ ዘንድ አይገደድም።

ቴፑ በዲስክ ከተተካ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጉስታቮ ኒሜየር ያወጣው፣ ጂኦሃሽ የተባለው የስፍራ መሰየሚያ ዘዴ የኬንትሮስንና የኬክሮስን አኃዞች በዚሁ ዐይነት አፈራርቆ በፊደልና በቍጥር ይጽፋቸዋል፤ ስለዚህም የስማቸው መነሻ አንድ የሆነ ሁለት ስፍራዎች በአንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ካርታ ሳይገለጥ ይታወቃል።